ቤት ሲሸጥ እውነት አይሸጥም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ ያለ የሚመስል፤ ነገር ግን የክርስትናችን ልክ በግልጥ የሚታይበት ነው። ይኸውም ሰው ቤቱን በመካከል ደላላ ሳያስገባ ራሱ ለገዢው በሚሸጥበት ጊዜ ሊይዘው የሚገባው እውነተኛነት ነው።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «የቤት መሸጥና መግዛት የዳኛና የጠበቃ ሥራ ነው እንጂ ለሰባኪ ምኑ ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። አባቶቻችን ግን እንዲህ አላሰቡም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾምና ስለ ጸሎት እንደሚናገር ሁሉ ስለ መሸጥና ስለ መግዛትም ይናገራል። በገበያ ላይ የሚቆመው ሰውና በቅዳሴ ላይ የሚቆመው ሰው አንድ ሰው ነውና። ደግሞም ብዙ ሰው በዕድሜው ቤት የሚሸጠው አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው። በዚያች ቀን ገዢው ይዞት የሚመጣው ገንዘብ ከደመወዝ እየተቀነሰ የተጠራቀመ፣ ከዕቁብ የወጣ፣ ከዘመድ የተበደረ፣ ወይም እኅቱ በዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የላከችለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚያች ቀን የሚነገር ሐሰት ትንሽ ሐሰት ተብሎ አይናቅም፤ የአንድን ቤተ ሰብ የብዙ ዘመን ላብ በአንድ ፊርማ ይወስዳልና።

ወደ መጽሐፍ እንመለስ። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 14 ስለ ቤት ደዌ የተጻፈ ሥርዓት አለ። እስራኤል ወደ ተስፋይቱ ምድር ገብተው በቤት በሚቀመጡበት ጊዜ በግድግዳው ላይ ወደ አረንጓዴነት ወይም ወደ ቀይነት ያደላ፣ ውስጥ ለውስጥ የሚበላ ምልክት ቢታይ፣ ባለቤቱ ራሱ ወደ ካህኑ ሄዶ ያየውን እንዲናገር ታዝዞአል። ካህኑም ዕቃው እንዲወጣ ያዝዛል፤ ገብቶ ይመረምራል፤ ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋዋል። ምልክቱ የሰፋ እንደ ሆነ የተበላሸው ድንጋይ ይወጣል፤ ምርጊቱ ይፋቃል፤ በሌላ ድንጋይና በሌላ ምርጊት ይታደሳል። ከዚህም በኋላ ደዌው የተመለሰ እንደ ሆነ ቤቱ ይፈርሳል።

ምእመናን ሆይ! ይህን ሥርዓት በማስተዋል እንመልከተው። ካህናቱ በየቤቱ እየዞሩ የሰውን ግድግዳ እንዲፈትሹ አልታዘዙም። ባለቤቱ መጥቶ እንዲናገር ታዘዘ እንጂ። ስለ ምን? በዚያ ቤት የሚያድርና የሚውል፣ የግድግዳውን መልክ በጠዋትም በማታም የሚያይ እርሱ ስለ ሆነ ነው። ሲናገርም ጥቅሙ እንደሚጐዳ፣ ምናልባትም ቤቱን ፈጽሞ ሊያጣ እንደሚችል ያውቃል። ሆኖም እግዚአብሔር በገዛ ንብረቱ ላይ ራሱ ምስክር እንዲሆን አዘዘው። እኛም ዛሬ ልንናገረው የፈለግነው ነገር ሁሉ በዚህ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል፤ የቤቱን ደዌ የሚያውቅ ባለቤቱ ነው፤ ስለዚህ መናገርም የባለቤቱ ዕዳ ነው።

በአገራችን ቤት ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው በደላላ አማካይነት ነው። ደላላ ሁሉ ሐሰተኛ ነው አንልም፤ በዚህ ሥራ እውነቱን ተናግረው በእውነት የሚኖሩ ብዙዎች አሉና። ነገር ግን ደላላ በመካከል በቆመ ጊዜ ሻጩ ሕሊናውን የሚደብቅበት ጥላ ያገኛል። ቤቱ ከልክ በላይ ቢመሰገን «እርሱ ነው ያለው» ይላል። ነውሩ ተሸሽጎ ቢቀር «እኔን ማን ጠየቀኝ?» ይላል። ዛሬ ግን ብዙ ሰዎች ከመቶ እየታሰበ የሚከፈለውን የደላላ ዋጋ ለማትረፍ ቤታቸውን ራሳቸው መሸጥ ይወዳሉ። ይህን ማድረግ ምንም ነውር የለበትም። ነገር ግን ይታወቅ፤ ደላላው የቀረ እንደ ሆነ ጥላውም አብሮ ቀርቶአል። ገዢው የሚሰማው ቃል የእኛው ቃል ብቻ ነው። ቃሉ እውነት ቢሆን እውነቱ የእኛ ነው፤ ሐሰት ቢሆንም ሐሰቱ የእኛ ነው።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። የአንድ ሰው ቤት ክረምት በገባ ቁጥር የሚያፈስ ነው እንበል። በሐምሌና በነሐሴ ሌሊት ተነሥቶ ከቆርቆሮው ቀዳዳ በታች ባልዲ ያስቀምጣል፤ አልጋውን ከግድግዳው ያርቃል። ይህ ሰው ቤቱን ለመሸጥ ባሰበ ጊዜ መስከረም እስኪጠባና ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል። ግድግዳው ሲደርቅ ነጭ ቀለም ይቀባዋል። በጥር ወር ገዢ ይመጣል። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ፀሐይ ይገባዋል። ገዢው «ወንድሜ፣ ቤቱ መቼም ችግር የለበትም?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩም «እንደምታየው ነው» ብሎ ይመልሳል።

ይህ መልስ ሐሰት ነውን? በቃሉ ቢመዘን ሐሰት የለበትም፤ ገዢው የሚያየው ደረቅ ግድግዳ ነውና። በልብ ቢመዘን ግን ፍጹም ሐሰት ነው፤ ሻጩ ገዢው ማየት የማይችልበትን ጊዜ መርጦአልና። ሐሰት በአፍ ብቻ የሚነገር አይምሰላችሁ። በዝምታ የሚነገር ሐሰት አለ፤ በቀለም የሚነገር ሐሰት አለ፤ ወቅት በመምረጥ የሚነገር ሐሰትም አለ። ጌታችን ግብዞችን በኖራ ከተለሰነ መቃብር ጋር ያመሳሰላቸው ውጭውና ውስጡ ስለሚለያይ ነው። ነገር ግን በጥር የተሸሸገው በሐምሌ ይናገራል። ገዢው ሕፃናቱን ከሚያፈሰው ጣሪያ በታች ሲያሸሽ በዚያች ሌሊት ስለ ሻጩ ወደ እግዚአብሔር የሚያሰማው ጩኸት ምን ዓይነት ይመስላችኋል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የተባለው በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ክርስቲያን የሆነ ሻጭ ምን ምን ሊናገር ይገባዋል? አስቀድሞ ስለ ቤቱ አካል ይናገር። ጣሪያው የሚያፈስ እንደ ሆነ፣ ምስጥ እንጨቱን የበላው እንደ ሆነ፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ በክረምት የሚሞላ እንደ ሆነ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ይግለጥ። በተለይም ቤቱ በዋልካ አፈር ላይ የተሠራ እንደ ሆነ ነገሩ ብርቱ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ በሚገባ ያልተጣለ ቤትም ከአፈሩ ጋር እየተነሣና እየወረደ ግድግዳው ይተረተራል። ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፍኖ ቀለም መቀባት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የሚመጣው ክረምት ግን እንደገና ይከፍተዋል። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ጣቱን በስንጥቁ ላይ አድርጎ ለገዢው ሊያሳየው ይገባል።

ሁለተኛም ስለ ቤቱ መብት ይናገር። በአገራችን የከተማ ቦታ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሆኖአል። ስለ ሆነም ሻጭ የሚሸጠው ቤቱን ነው፤ በቦታው የመጠቀሙ መብትም ከቤቱ ጋር ይተላለፋል። ታዲያ ካርታው በማን ስም ነው? ይዞታው በካርታው ላይ ካለው ልክ ይበልጣልን ወይስ ያንሳል? ቤቱ በባንክ ዕዳ ተይዞአልን? ከጎረቤት ጋር የወሰን ክርክር አለበትን? በከተማው ፕላን መንገድ ይነካዋል የሚል ወሬ በሻጩ ጆሮ ደርሶአልን? ቤቱ ከአባት የተወረሰ እንደ ሆነ የሁሉም ወራሾች ፈቃድ አለበትን? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ የባልና የሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕጉ ባያዝዝ እንኳ በቅዱስ ቁርባን አንድ አካል የሆኑ ሰዎች አንዱ ከሌላው ተሸሽጎ ጣሪያቸውን ሊሸጥ እንዴት ይቻለዋል?

ሦስተኛም ስለ ዋጋው ይናገር። ሌላ ገዢ ሳይኖር «ትናንት ከዚህ የሚበልጥ የሰጠኝ ሰው ነበረ» ማለት የተለመደ ሆኖአል። ይህ በገበያ ብልሃት ይባላል፤ በእግዚአብሔር ፊት ግን የሌለ ሰው ፈጥሮ በሐሰት ማስመስከር ነው።

ሽያጭ በብርሃን መደረግ እንዳለበት የቅዱሳን አበው ሥራ ያስተምረናል። አባታችን አብርሃም ሣራን የሚቀብርበት ስፍራ በፈለገ ጊዜ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን ጋር በከተማው በር፣ ሕዝብ እየሰማ ተነጋገረ። በነጻ ልስጥህ ቢባልም ሙሉውን ዋጋ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ሰጠ። በመጽሐፍም እርሻው፣ በውስጡ ያለው ዋሻ፣ በዙሪያው ወሰን ያለው ዛፍ ሁሉ ተቈጥሮ ተጻፈ። ነቢዩ ኤርምያስ ደግሞ የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከቦ ሳለ፣ እርሱም በግዞት አደባባይ ታስሮ ሳለ፣ የአጎቱን ልጅ የአናምኤልን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ። ውሉን ጻፈ፤ አተመ፤ ምስክሮች አቆመ፤ የታተመውንና የተከፈተውን ሁለቱንም ለባሮክ ሰጥቶ በሸክላ ዕቃ እንዲጠበቅ አደረገ። ጦርነት በበር ቆሞ ሳለ እንኳ ነቢዩ «ለዚህ ጊዜ የለኝም» አላለም። ሁለቱም አበው ከባለ ንብረቱ ጋር ፊት ለፊት ተዋዋሉ፤ ነገር ግን ያለ ምስክር አልተዋዋሉም።

እኛም እንዲሁ እናድርግ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውል ሹም ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ በቁጥር 1704 ደግሞ በተንኰል የተደረገ ውል ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል። «እንተማመናለን፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ማለት መልካም ይመስላል፤ ሰው ግን ሟች ነው። የሻጭ ቃል ከሻጭ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል፤ የተጻፈው ግን ለወላጅ አልባው ይቆምለታል። ስለዚህ እውነተኛ ሻጭ ያሳየውን ስንጥቅ፣ የነገረውን ዕዳ በውሉ ውስጥ ያስጽፈው። ይህ ገዢውን ይጠብቀዋል፤ ሻጩንም ነገ ከሚመጣ ክስ ያድነዋል።

ስለ ቀብድም ጥቂት እንበል። ቀብድ ከተቀበሉ በኋላ የበለጠ ዋጋ የሚሰጥ ሌላ ሰው ሲመጣ የሚፈተን ብዙ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ ተቀባዩ እጥፍ አድርጎ መልሶ ውሉን ሊያፈርስ እንደሚችል ይፈቅዳል። ዳኛ በዚህ አይጠይቀንም። ነገር ግን ያ ሰው ያለበትን የኪራይ ቤት ለቅቄአለሁ ብሎ ለአከራዩ ነግሮ፣ ልጆቹን በአዲሱ ሰፈር ትምህርት ቤት አስመዝግቦ ከሆነ፣ የቀብዱ እጥፍ የቃላችንን ዋጋ ይከፍላልን? ሕግ የፈታውን ሕሊና የሚያስርበት ጊዜ አለ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ግን ሁለት ዋጋ መጻፍ ነው። ሻጭና ገዢ በእጅ የሚከፈለውን አንድ ዋጋ ይስማማሉ፤ ግብሩ እንዲቀንስላቸው ግን ለመንግሥት ሌላ ያነሰ ዋጋ ያስጽፋሉ። ሐናንያና ሰጲራ መሬት ሸጠው ከዋጋው ከፊሉን በሸሸጉ ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ ሰጲራን የጠየቃት ስለ ሌላ ነገር አልነበረም፤ መሬቱን በዚህ ዋጋ ሸጣችሁት ወይ ብሎ ነበር የጠየቃት። ገንዘቡ የራሳቸው ነበረ፤ ሙሉውን እንዲሰጡ ያስገደዳቸው አልነበረም። የፈረደባቸው የዋጋው ሐሰት ነው። ዛሬም በመዝገብ ፊት ቆመን ዋጋውን ስንናገር ያ ጥያቄ ለእኛም የቀረበ መሆኑን አንርሳ። በዚህም ሐሰት ሻጭና ገዢ ምስጢረኞች ይሆናሉ፤ ነገ ክርክር ቢነሣ ሁለቱም እውነቱን በአደባባይ ሊናገሩ አይችሉም።

ገዢ ሆይ! ነገሩ ሻጩን ብቻ የሚመለከት አይምሰልህ። መጽሐፈ ምሳሌ በሚገዛበት ጊዜ ዕቃውን እያናናቀ ከገዛ በኋላ ግን በትርፉ ስለሚመካ ሰው ይናገራል። ባልዋ የሞተባት እናት ለልጅዋ ማሳከሚያ ቤትዋን ለመሸጥ ስትቸኩል፣ ችግርዋን ዐውቀህ ቀኑን በማስረዘም ዋጋውን ብታወርድባት የወሰድኸው ቤት በእንባ የተለሰነ ነው። በዚያ ቤት ካህን ጠርተህ ጠበል ብታስረጭ ግድግዳውን ያርሰዋል እንጂ እንባዋን አያደርቀውም።

ጎረቤትም ድርሻ አለው። ቤት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ጎረቤትን ነውና። ከሻጩ ጋር በአንድ ዕድር ስለ ሆንን ብቻ ወሰኑ የሚያከራክር መሆኑን እያወቅን «ምንም ሰምተን አናውቅም» ብንል፣ የሐሰት ምስክር ሆነናል። ሻጩ ነገ ይሄዳል፤ ከእኛ ጋር የሚቀረው፣ ሬሳችንን የሚሸከመው፣ ልቅሶአችንን የሚደርሰው ገዢው ነው።

«ይህን ሁሉ ብናገር ማን ይገዛኛል? ልጆቼስ ምን ይበላሉ?» የሚል ድምፅ እንሰማለን። ይህ ከንቱ ጥያቄ አይደለም፤ ከጭንቀት የሚወጣ ነው። እኛም እውነት ዋጋ አያስከፍልም ብለን አናታልላችሁም፤ ያስከፍላል። የጣሪያው ማሳደሻ 100,000 ብር የሚፈጅ እንደ ሆነ ሻጩ ይህን ከዋጋው ሊቀንስ ይገደድ ይሆናል። ነገር ግን ያ 100,000 ብር ቀድሞውንም የእርሱ አልነበረም። ጣሪያው ደኅና ቢሆን ኖሮ የሚያገኘው ገንዘብ ነበረ፤ ጣሪያው ግን ደኅና አይደለም። ስለ ሌለ ነገር ዋጋ መቀበል ደግሞ ስሙ ስርቆት ነው። እውነቱን የተናገረ ሰው ገንዘቡን አላጣም፤ የሌላውን ገንዘብ አልወሰደም እንጂ። ልጆቻችንም ከምናወርሳቸው ብር ይልቅ አባታቸው በገዢ ፊት የተናገረውን ያስታውሳሉ። በዚያች ቀን ከጎናችን ቆመው ይሰማሉና።

ሌላም አንድ ነገር አለ። በተንኰል ከተሸጠ ቤት ዋጋ ዐሥራት አውጥቶ፣ ለደብሩ ጥላና መጋረጃ ገዝቶ ሕሊናውን ለማሳረፍ የሚሞክር አለ። ወንድማችን ሆይ! እግዚአብሔር የስርቆት ተካፋይ አይሆንም። የሚያፈስ ጣሪያ ለድኻ ሸጦ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ማልበስ በረከት አያስገኝም። አስቀድመህ ለገዢው የሚገባውን መልስ፤ ከዚያ በኋላ መባህን አምጣ።

ምናልባት ይህን ቃል ከሚሰሙት መካከል ቤቱን ከሸጠ ዓመታት ያለፉት፣ የሸሸገውም ነገር በልቡ ያለ ሰው ይኖራል። ለእርሱም ተስፋ አለው። ዘኬዎስ ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ በተንኰል የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ፤ መዳንም ለዚያ ቤት ሆነ። እንግዲህ ያ ሰው ወደ ነፍስ አባቱ ይሂድ፤ ነገሩን ሳይሸሽግ ይናገር። ከዚያም ገዢውን ፈልጎ «ወንድሜ፣ ያን ጊዜ ያልነገርሁህ ነገር አለ» ይበለው። አቅሙ በፈቀደ መጠን ኪሣራውን ይካሰው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መክፈል ባይችል ጥቂት በጥቂት ይክፈል። ገዢው ሞቶ እንደ ሆነ ለልጆቹ ይስጥ። ይህን ማድረግ ፊትን ያሳፍራል፤ ነገር ግን በዚህ ዓለም በአንድ ሰው ፊት ማፈር በመጨረሻው ቀን በፍጥረት ሁሉ ፊት ከማፈር ይሻላል።

የተወደዳችሁ ሆይ! እኛ ሁላችን በዚህ ምድር የምንቀመጥበትን ቤት አንድ ቀን ለሌላ እንለቃለን። አንዱ በሽያጭ፣ አንዱ በውርስ፣ ሁሉም በሞት ይለቃል። ቁልፉን ለገዢው በምናስረክብበት ጊዜ ደጃፉን ወደ ኋላ ዘወር ብለን ብናየው የማናፍር እንሁን። በዚያ መንገድ ስናልፍ አቅጣጫ የማንለውጥ፣ ገዢው በር ላይ ቆሞ ቢያየን «ግቡ፣ ቡና ጠጡ» የሚለን ሻጮች እንሁን። ያ ግብዣ ከደላላ ካተረፍነው ገንዘብ ሁሉ ይበልጣል።

የአብርሃምን ቅንነት፣ የዘኬዎስን ንስሐ ለሁላችን ያድለን። በቤታችን እውነት እንዲኖር፣ ከቤታችን ስንወጣም እውነት ከእኛ ጋር እንዲወጣ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።